የማጭድ ማጠቢያው ዕድሜ

በሱዳን ምድር፣ ባሱንዳ ገበያ ዳር፣ ወደ እርሻ የሚሄዱ መኪኖች ከሚቆሙበት ራኩባ ሥር፣ ሦስት ሰዎች ሳንቀጣጠር ተገናኘን። ራኩባ በአራት እንጨት ላይ ሣር የተደረበበት ጥላ ነው፤ በዚህ አገር ከፀሐይ መሸሻው እሱ ነው። እኔ ሶፎኒያስ እባላለሁ። ብዙ ዘመን ጎንደር አስተምሬ፣ አሁን ገዳሪፍ ላይ ለስደተኛ ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ሰው «መምህር» ይለኛል። ፍጥረቴ ስጉ ነው። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ፣ «አንተ ሠርግ ቤት ገብተህ እንኳ የምታየው ድንኳኑ ሲወድቅ ነው» ትለኝ ነበር። ያን ቀን ደግሞ የምሰጋበት ምክንያት ነበረኝ። ከቀትር በኋላ በሰሊጥ አጫጆቹ ሰፈር፣ ካምቦ በሚሉት፣ ስለ መጠጥ የሚደረገውን ስብሰባ እንድመራ ተጠርቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጨዳ ሲደርስ ከመተማ፣ ከቋራና ከአርማጭሆ የሚሻገረው ወጣት ካምቦውን ይሞላዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሽማግሌዎቹ መክረው፣ ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላው ጠላም ሆነ አረቄ እንዳይቀዳለት ደንብ አወጡ። ቁጥሩን የወሰዱት ከአገር ቤት ሕግ ነው። የምንኖረው በሰው አገር ነው፤ ባለ እርሻውም አይተው እንዳላዩ የሚያልፉን ጨዋ ሙስሊም ናቸው፤ የሰከረ ልጅ ጩኸት ሁላችንንም ያስጠይቃል ብለው ፈርተው ነበር። በዚያ ዓመት ግን ዕድሜው ወደ አሥራ ስምንት ዝቅ ይበል የሚል ወገን ተነሣ። የዚያ ወገን አንደበት ደግሞ ከራኩባው ሥር አጠገቤ የተቀመጡት አያ ዓለምነው ነበሩ።

አያ ዓለምነው የአጫጆች ቡድን አለቃ ናቸው። ስድሳን የተሻገሩ፣ ረጅም፣ እጃቸው እንደ ሞረድ የሻከረ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ፣ ያመኑበትን ደግሞ በቀላሉ የማይለቁ ሰው ናቸው። የመጡት ማጭድ ሊገዙ ነው። ሦስተኛዋ ሲስተር ማኅደር ናት፤ ጎንደር ነርስነት ተምራ፣ አሁን በካምቦው ጠርዝ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ሕመምተኛ የምታይ ወጣት ሴት። ጉልበቷ ላይ የወባ መድኃኒትና የደም መመርመሪያ የያዘ ካርቶን አስቀምጣ ነበር።

«እንግዲህ ዛሬ ይፈርዱልናል፣ መምህር» አሉኝ አያ ዓለምነው።

«እኔ ምን ዳኛ ነኝ? ደንቡን አነባለሁ፣ እጅ እቆጥራለሁ።»

«እሱስ ነው። ቢሆንም ሰው የእርስዎን ፊት ያያል።»

ማኅደር ፈገግ አለች። «አያ ዓለምነው፣ ከወዲሁ ሰብሳቢውን እያባበሉ ነው?»

«ምን ላድርግ ሲስተር? አንቺ የመጣውን ሁሉ በመርፌ እያስፈራራሽ ከጎንሽ አድርገሻል።»

ሦስታችንም ሳቅን። መኪናው ግን አልመጣም፤ ወሬውም ወደ ቁም ነገር ዞረ።

«እስቲ እንደ ልጅዎ ልጠይቅዎ» አለች ማኅደር። «ይህ ሃያ አንድ የተባለ ነገር ምን በደለዎ?»

«እኔን ምንም። የሚበድለው ልጆቹን ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ድንበር ተሻግሮ ይመጣል። ዋኪሉ፣ የባለ እርሻው ወኪል፣ ሲቀጥረው ልጅ ነህ ብሎ አጭር መስመር አይሰጠውም። ፀሐዩ ዕድሜ አይጠይቀውም፤ እባቡም አይጠይቀው። ከእኔ እኩል ጎንበስ ብሎ ይውልና አመሻሽ ላይ ክብ ስንቀመጥ፣ አንተ ገና ነህ፣ ሂድና ውሃህን ጠጣ ይባላል። ይኸ ማዋረድ አይደለም?»

እውነቱን ለመናገር ነገራቸው ልቤ ገባ። ወጣትን ለሥራ ሲሆን ትልቅ ሰው፣ ለክብር ሲሆን ሕፃን የማድረግ ልማድ እኔንም ከድሮ ያናድደኛል።

«ያለ ክብር እንዲኖሩ እኔም አልፈልግም» አለች ማኅደር። «ግን ማጭድ የሚይዘው ክንድ ነው፤ መጠጡ የሚሄደው ወደ አንጎል ነው። ክንዱ በአሥራ ስምንት ዓመት ይጠነክራል፤ አንጎል ግን ሃያን አልፎም ገና እየጎለመሰ ነው። በልጅነቱ የጀመረ ሰው ኋላ ተው ሲሉት መተው ይቸግረዋል።»

«እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ጀመርሁ። ይኸው አለሁ።»

«እርስዎማ አሉ። አብረዎት የጀመሩትስ?»

አያ ዓለምነው በልባቸው ስም መጥራት ጀምረው የተዉት መሰለኝ። ወዲያው ግን ሌላ መንገድ ያዙ።

«እሺ፣ ይሁንልሽ። የከለከልነው ልጅ መጠጣቱን ትቷል ወይ? አልተወም። ማሽላው ውስጥ ገብቶ ይጠጣል፤ ከማን እንደገዛው አይታወቅ፣ ምን እንደተጨመረበት አይታወቅ። እኛ ፊት ቢጠጣ ግን ልኩን እናሳየዋለን። ቢወድቅ እናነሣዋለን። ዓይናችን ሥር ነው የሚሆነው። እኔ የምለው ይኸንኑ ነው ልጄ፤ ዓይናችን ሥር ይሁን።»

«ዓይናችሁ ሥር መሆኑ ምን ያድነዋል?»

«እንዴት ምን ያድነዋል? እኛ እኮ እናውቃለን፤ የሰከረና የታመመ አንለይም?»

እኔ ሁለቱንም ላለማስቀየም፣ «መካከሉን ይዘን አሥራ ዘጠኝ ብንለውስ?» አልሁ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

መኪናው መጣ። ሹፌሩ ያዕቁብ የሚባል ሱዳናዊ ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለውን መቀመጫ በሽንኩርት ጆንያ ሞልቶታል። «ያላ፣ ያላ» እያለ ሦስታችንንም ከኋላ ጫነን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጥቁሩ አፈር ጎማው ላይ እየተለጠፈ፣ መኪናው ይንፏቀቅ ነበር።

ከመንደሩ እንደወጣን አያ ዓለምነው ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው ጠጋ አሉን። «እንዲያውም ልንገራችሁ። ዛሬ የሚፈቀደውን እኔ ትናንት ጀመርሁት። ለወንድሜ ልጅ ለደጉ ማጭዱን አጠብሁለት።»

ማጭድ ማጠቢያ የአጫጆቹ ልማድ ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ሳይቀር የመጀመሪያ መስመሩን እስከ ጫፍ ሲጨርስ፣ አለቃው በክቡ መካከል ያቆመዋል፤ ከመለኪያው ጥቂት አረቄ በማጭዱ ስለት ላይ ያፈስለታል፤ የቀረውን ልጁ ይጨልጠዋል። ከዚያ ወዲያ «አንተ ልጅ» ብሎ የሚጠራው የለም። ደጉን አውቀዋለሁ፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከደጋ የመጣ፣ ዓይን አፋር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነው።

«ብዙ ጠጣ?» አለች ማኅደር።

«ሁለት መለኪያ ቢሆን ነው። የእናትነሽ አረቄ ነው፤ ስታወጣው አይቻለሁ፣ ንጹሕ ነው።»

«ዛሬ ሥራ ወጣ?»

«የት ይወጣል? ራሴን አለና ተኛ። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሁሉ እንደዚያው ነው። ልጆቹ ሲስቁበት ትቼው መጣሁ።»

«ሲወጡ አናገሩት?»

«አጉረመረመ። እናቱን የጠራ መሰለኝ። በርዶትም ነበር መሰለኝ፣ ይንቀጠቀጣል፤ ጋቢዬን ደርቤለት ነው የመጣሁ።»

ማኅደር ካርቶኑን ወደ ደረቷ ሳበችው። «በዚህ ሙቀት በረደው?»

«የአረቄ ነዋ።»

«ከትናንት በፊትስ ደኅና ነበር?»

«ወገቤን ሲል ነበር። ወገብማ አዲስ አጫጅ ሁሉ ይለዋል። እንዲያውም ያጠጣሁት ለክብሩም ነው፣ ወባም እንዳይደፍረው ብዬ ነው። አረቄ ወባን ያባርር የለ?»

«አያባርርም፣ አያ ዓለምነው» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ግንባሩን ነክተውት ነበር?»

አያ ዓለምነው አሰቡ። «አልነካሁትም» አሉ።

እጅዋን ዘርግታ የመኪናውን ጣሪያ መታችና ያዕቁብን በዓረብኛ እንዲፈጥን ለመነችው። የዘወትሩ ስጋቴ መጣብኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። ጥቂት እንደሄድን መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወርደን ገፋን። አያ ዓለምነው ጫማቸውን ጭቃው ሲያስቀርባቸው ዞረው እንኳ አላዩትም። እየገፉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «አባቱ የለም። እናቱ ማሬ በእጄ ሰጥታ ነው የላከችው። ምን እላታለሁ?» ይሉ ነበር። መኪናው ወጣ።

ካምቦው የደረስነው አጫጆቹ ለምሳ ዕረፍት በተቀመጡበት ሰዓት ነው። ደጉ በሣር ዳስ ሥር ጋቢ ለብሶ ተጋድሟል። ጓደኞቹ ከራስጌው ባዶ መለኪያ ደፍተው አስቀምጠውለታል፤ ሲነሣ ሊስቁበት ነው። ለክፋት አልነበረም፤ ልማዱ ነው። «ሲስተር፣ ሙሽራው ገና አልነቃም» አላት አንዱ። እሷ ተንበርክካ ጋቢውን ገለጠች።

የልጁ ዓይን በግማሽ ተከፍቷል፤ የሚያየው ግን ነገር የለም። ከንፈሩ ደርቋል። ስሙን ጠራችው፣ አልመለሰም፤ ደረቱን ጫን አድርጋ አሸችው፣ እጁን ብቻ አንቀሳቀሰ። ጣቱን ወግታ ደሙን መመርመሪያው ላይ ጠብ አደረገችና ጠበቅን። ያን ያህል የረዘመ ጥበቃ አላስታውስም። አያ ዓለምነው በባዶ እግራቸው ቆመው የሷን ፊት ያያሉ።

«ወባ ነው» አለች። «ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል። በደሙ ውስጥ ያለው ስኳርም ሳይወርድ አልቀረም። ያዕቁብ እንዳይሄድ ያዙልኝ።»

የወባውን መርፌ ወጋችው፤ ምላሱ ሥር ስኳር በትንሽ ውሃ እያራሰች አኖረችለት። ያዕቁብ የሽንኩርቱን ጆንያ ራሱ እያወረደ መሬት ላይ ጣለና ለልጁ ቦታ አበጀ። ስብሰባው ቀረ። ወደ ገዳሪፍ ሙስተሽፋ፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል፣ ያንኑ ጭቃ ተመልሰን ሄድን።

ሐኪሞቹ ተቀብለውት ከገቡ በኋላ በግቢው ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አያ ዓለምነው፣ «ዓይኔ ሥር ነበር እኮ» አሉ።

ማኅደር ደክሟት ነበር፤ ቃሏን ግን መርጣ ተናገረች። «አዎ፣ ዓይንዎ ሥር ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው። ልጁ አረቄ ሳይቀምስ እንዲህ ሆኖ ቢያገኙት ይደነግጡ ነበር፤ ተሸክመው ያመጡልኝ ነበር። ሲጠጣ ስላዩት ግን ማንም አልደነገጠም።»

«ገደልሁት ማለትሽ ነው?»

«አይደለም። ወባውን አረቄው አላመጣውም፤ እርስዎም አላመጡትም። ወገቤን ሲል ጀምሮት ነበር። አረቄው የሠራው አንድ ነገር ነው፤ ደበቀብን። ራስ ምታቱ፣ መንቀጥቀጡ፣ መቃዠቱ፣ ሁሉም ስካር ተባለ። የእርስዎን ስካር ካምቦው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዚያ ወጣ ካሉ ሰው ይጠይቃል። ትናንት የጀመረ ልጅ ሲሰክር ምን እንደሚመስል፣ ሲታመም ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ማን አለ? ደግሞ ከደጋ አዲስ የመጣ ሰውነት ወባን አልለመደም፤ ሲይዘው ፋታ አይሰጠውም። ሰውነቱ ያን ያህል በማይችልበት አገርና ወቅት ነው አዋቂ ሆነሃል ብለን የምንቀዳለት።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ያው ደጉ የለበሰው ጋቢ ነበር። ልጁ ይሙት ይዳን ገና አይታወቅም ነበር፤ የሐኪሙ በር በተከፈተ ቁጥር ሦስታችንም አብረን እንነሣለን።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተከፍቶ የሆስፒታሉ ነርስ አያ ዓለምነውን ጠራች። ደጉ ውሃ ጠይቆ ነበር። ሲገቡ አያቸውና በደከመ ድምፅ፣ «አጎቴ፣ ሥራው አለፈኝ?» አለ። አያ ዓለምነው አጠገቡ ተቀምጠው የሻከረ መዳፋቸውን ግንባሩ ላይ አኖሩ፤ ልጁ መልሶ እስኪተኛ ድረስም አላነሡትም።

የቀረው ስብሰባ በሳምንቱ ተደረገ። ገና ደንቡን ሳላነብ አያ ዓለምነው ቃል ጠየቁ።

«እኔ ስል የከረምሁትን ታውቃላችሁ። ልጁ ዓይናችን ሥር ይጠጣ ነው ያልሁ። ደጉ ዓይኔ ሥር ጠጣ። ጋቢ አለበስሁት፤ እጄን ግን ግንባሩ ላይ አላኖርሁም። ሰክሯል ብዬ ፈርጄ ሄድሁ። የሰከረና የታመመ እለያለሁ ብዬ ለሲስተር የነገርኋት በዚያው ጠዋት ነው። ስለዚህ ዝቅ ይበል ያልሁትን ትቻለሁ። ሃያ አንድ እንዳለ ይቆይ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። አዳሙ የሚባል አንደበተ ርቱዕ ወጣት ቆመ። «አያ፣ ወባ እኮ ሃያ አንድ የሞላውንም ይይዛል። እርስዎስ ጠጥተው ቢተኙ ማን ያውቅልዎታል? ልጆቹም ቢሆኑ ማሽላው ውስጥ መግባታቸውን አይተዉም።»

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ አያ ዓለምነው ወደ ማኅደር አዩ፤ እሷም ተነሣች። «አዳሙ ያለው ልክ ነው» አለች። «ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ጠዋት ያልተነሣ ሰው፣ አረቄ ሸተተም አልሸተተም፣ ዕድሜው ምንም ይሁን፣ መጀመሪያ ግንባሩ ይነካ፣ ካተኮሰው ወደ እኔ ይምጣ። ተደብቆ የጠጣ ልጅ ቢታመም አይቀጣ፤ ያመጣው ጓደኛውም አብረህ ጠጥተሃል ተብሎ አይጠየቅ። ቅጣት የፈራ ጓደኛ ማሽላው ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። በዚህ በኩል የአያ ዓለምነው ስጋት እውነት ነበር፤ እኔም ቀድሜ ላስብበት ይገባኝ ነበር።»

«ማጭድ ማጠቢያውስ ይቀራል?» አለ ሌላው፣ በእውነት ቅር ብሎት።

«አይቀርም» አሉ አያ ዓለምነው። «ማጭዱ የሚታጠበው መስመሩን ለጨረሰ ክንድ ነው፤ ለአረቄው አይደለም። በቀዩ ሻይ፣ በከርከዴ እናጥበዋለን። እናትነሽ ታፈላዋለች።»

እናትነሽ ከዳር ሆና፣ «ስኳሩን ካመጣችሁ» አለች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እጅ ሲወጣ መቁጠር እንኳ አላስፈለገኝም።

ያ አጨዳ አለፈ፤ የዚህም ዓመት ደርሷል። በካምቦው የሚያድረው ሰው ጠዋት ጠዋት በጊዜ ይመረመራል፤ ትኩሳቱ ገና ሲጀምር ኪኒኑን ውጦ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ መስመሩ ይመለሳል። በመኪና ተጭኖ ወደ ገዳሪፍ የሄደ ሰው ዘንድሮ አላየሁም። ማሽላው ውስጥ የሚጠጣ ልጅ ፈጽሞ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽም፤ ግን ጓደኛው ሲወድቅበት ጥሎት አይሮጥም። ወጣቶቹ ለመከበር አረቄ መጠበቃቸውን ትተዋል፤ የላባቸውንም ይዘው ለእናቶቻቸው ይገባሉ። ደጉ ማጭዱን በከርከዴ ያጠበ የመጀመሪያው ሆነ። ስለቱ ላይ የቀረው ቀይ ነገር ዝገት መሰለኝ ብሎ ሲወለውለው ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እሱም አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ።

አያ ዓለምነውን ልጆቹ «ሲስተር ዓለምነው» ብለው ያበሽቋቸዋል። ሰው ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ከዳስ ዳስ እየዞሩ የተኛውን ግንባር ሁሉ ይነካሉና። እኔም ባለፈው ሳምንት ካምቦው አድሬ፣ ጠዋት ድካም ተጫጭኖኝ አርፍጄ ነበር። አንድ የሻከረ መዳፍ ግንባሬ ላይ አረፈ፤ ለጥቂት ጊዜ እዚያው ቆየ።

«ይነሡ መምህር» አሉኝ። «ትኩሳት የለብዎትም።»